ሣር ማጨጃዋ ላይ ያሰርካት ሽቦ

ይድረስ ለባሌ ለደሳለኝ፤

ከተለየኸን ወዲህ ዐቢይ ጾም ገብቶ ወጣ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱም ገባ። ባለፈው ሳምንት የመንፈቅ ተዝካርህን አወጣን። ቄሱ ስምህን ሲያነሱ ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ የኔ ዓይን ግን ደረቅ ነበር። ሐዘኑ አደረቃት ብለው አዘኑልኝ። ሐዘን አልነበረም ደስዬ። ተናድጄ ነው። የተናደድኩትም ባንተ ነው። ይህን የምጽፍልህ እንዲበርድልኝ ብዬ አይደለም፤ እንድታውቀው ብዬ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ብርቱካን እዚያው ሩቁ መካነ ብርሃን ከተማ ማስተማሯን ቀጥላለች። ከቀብርህ በኋላ «ሥራዬን ትቼ ካንቺ ጋር ልሁን» ብላኝ ነበር፤ እንቢ አልኳት። መንገዱ ሲዘጋ ወር ሙሉ አትመጣም፤ ኔትወርክ ስታገኝ ትደውላለች። የበረንዳው ቆርቆሮ አሁንም ያፈሳል፤ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጫለሁ። ጽጌረዳዎቹ አሉ። ካፖርትህን ለማንም አልሰጠሁም፤ ብርዱ ሲበረታ እኔው እለብሰዋለሁ፤ እጅጌው ጣቶቼን ይውጣቸዋል።

የጸናብኝ ሣሩ ነው። ከአባትህ የወረስከው መሬት ድንጋይ ብቻ እንደነበረ እኔና አንተ እናውቃለን። ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ካምፓስ በታች፣ ዳገት ላይ ያለ መሬት ማን ይፈልገዋል ይሉህ ነበር። ድንጋዩን ለቅመህ ደረጃ ሠራህበት፤ ሣሩን ተከልህ፤ ጽጌረዳውን ዙሪያውን አቆምህ። ተመራቂው ጋውኑን ለብሶ ከነዘመዱ ፎቶ የሚነሳበት መናፈሻ ሆነ። ከጡረታህ ይልቅ ያኖረን ይኸው ሣር ነው።

ወለቃ አብሮህ ያደገው ያዕቆብ ያችን በባትሪ የምትሠራ ሣር ማጨጃ ከእስራኤል የላከልህ ቀን ትዝ ይልሃል? ሳጥኑን ስትከፍት ሕፃን መስለህ ነበር። «በቃ፣ ቤንዚን ፍለጋ መሰለፍ ቀረ!» ብለህ ጨፈርክ። የአጠቃቀም መጽሐፏ በዕብራይስጥ ስለሆነ ማናችንም አላነበብናትም፤ አንተም «ዕድሜዬን ሙሉ ከኤሌክትሪክ ጋር ነው የኖርኩት፤ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል» ብለህ መሳቢያ ውስጥ ከተትካት። እኔ ልሞክር ባልኩ ቁጥር ደግሞ «ተዪያት አለሜ፣ ጠባይ አላት» ትለኝ ነበር።

ጠባይ አላት። ይህን ቃልህን አልረሳውም።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ጀመረና ሣሩ ጉልበቴ ደረሰ። ወንድምህ አያ ሙላት አጥሩ ላይ ተደግፎ እያየ፣ «ሣር ለከብት ነው እቴ። ግቢውን ሲሚንቶ እናልብሰውና ለተማሪ የሚከራይ ክፍል እንሥራበት። ማሽኑም ከባለቤቱ ጋር ሞቷል» አለኝ። ለክፉ አላለውም፤ ለኔ ያሰበ መስሎት ነው። እኔ ግን እንዲህ ሲለኝ ደሜ ፈላ። ያምና ተመራቂዎች ታናናሾች እየደወሉ ቀን ይዘዋል። «ግቢው ክፍት ነው፣ ኑ» ብያቸዋለሁ። በማግሥቱ ማጨጃዋን ከዕቃ ቤት አወጣኋት።

አንተ ስታደርግ እንዳየሁህ ባትሪውን ከላይዋ ከተትኩት፤ ወዲያው ጮኸች። የምትነሳው እንዲሁ ባትሪ ሲገባላት ይመስለኝ ነበር። ገፋኋት። የታጨደው ሣር ከኋላዋ ወዳለው ከረጢት እየዘለለ ሲገባ ሳይ ሳቅኩ፤ ከሞትህ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። ደረጃው ጋ እንኳ ሳልደርስ ቀጥ አለች። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩት፤ ተነሳች። ጥቂት ሄዳ እንደገና ቀጥ አለች።

መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርኩ። ሲመጣ ሲሄድ የሰነበተ መብራት ባትሪውን መቼ በወጉ ሞላው አልኩ። መብራት እስኪረጋ ጠብቄ፣ ባትሪው ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ሁሉ እስኪበሩ ሞላሁት። ያው ናት። ቀጥሎ ሣሩን ጠረጠርኩ፤ እርጥብ ነው፣ ረጅም ነው፣ ከበዳት አልኩ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ጤዛውን እስክታነሳው እየጠበቅኩ፣ ምላጯን ከፍ አድርጌ ጫፍ ጫፉን ብቻ እንድትቆርጥ አደረግኋት። ትንሽ ተሻላት፤ ግን ቁልቁለቱ ላይ፣ ድንጋይ የረገጠች እንደሆነ፣ ያው ቀጥ። ሣር ታጭቆባት ይሆናል ብዬ ከሥሯ መጥረግ ጀመርኩ። ሦስት ክንድ ሄጄ ማቆም፣ መገልበጥ፣ መጥረግ። ወገቤ ተቆረጠ። ሰደብኳት። ከዚያ አንተን ሰደብኩህ። «ጠባይ አላት ካልከኝ ጠባይዋን ለምን አልነገርከኝም?» እያልኩ ብቻዬን ግቢው ውስጥ ጮህኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጽጌረዳዎቹ ሥር ቀጥ አለች። እንደለመድኩት በጎኗ አጋደምኳት። ባትሪው እላይዋ ላይ ነው፤ አውጪው ያለኝ የለም። ምላጯ ሥር የታጨቀውን ሣር በወይራ እንጨት ፈነቀልኩት፤ አልወጣልኝም። እንጨቱን በቀኝ እጄ እንደያዝኩ ግራ እጄን ልሰድ ስል፣ ሳልነካት፣ በራሷ ጊዜ ጮኸች። እንጨቱ ተሰነጣጠቀ፤ አንዱ ስንጣሪ ግንባሬን መታኝ። ወደ ኋላዬ ወደቅኩ። ምላጯን ወደ ሰማይ አድርጋ ስትጮህ ቆይታ እንደገና በራሷ ዝም አለች። እኔ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካካኋቸው። አሉ። ከእንጨቱ የቀረው መያዣዬ ብቻ ነበር።

ባትሪውን ነቅዬ ወዲያ ወረወርኩትና እጀታዋን መመርመር ያዝኩ። ያ ጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለበት ቦታ ለመዳፍህ እንዲመችህ ያደረግኸው ይመስለኝ ነበር። በቢላ ቀደድኩት። ከሥሩ ሽቦ አለ። በእጅ ጨብጠው የሚይዙትን፣ ሲለቁት ማሽኗን የሚያቆመውን ዘንግ ከእጀታው ጋር ጠፍረህ አስረኸዋል። የመነሻ ቁልፏንም፣ ሳይጫኑት እንድትነሳ፣ ሽቦ ከሽቦ ጠምዝዘህ ዘልለኸዋል። እንዲህ ሆና ማሽኗ መቆሚያ የላትም። ባትሪው ከነካት ትነሳለች፤ ካልነካት ትቆማለች። መቼ እንደሚነካት ደግሞ እሷም አታውቅም።

ደሜ በፊቴ እየወረደ ወደ አያ ሙላት ቤት ሄድኩ። ከበሩ ላይ ሲያየኝ መጀመሪያ ያለው ምን ይመስልሃል? «ውይ! ያችን ሽቦ ሳይፈታት ነው እንዴ የሄደው? እሱንም እኮ ቆርጣው ነበር!»

ደስዬ፣ ያን የጣትህን ቁስል ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቆርቆሮ ቆረጠኝ ብለኸኝ ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውሃና በጨው እያጠብኩ፣ ጨርቅ እየለወጥኩ፣ ቆርቆሮውን እየረገምኩ ነበር። አንተ እጅህን ዘርግተህ ትስቃለህ። ወንድምህ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። «ምነው አልነገራችሁኝም?» አልኩት። «አለምነሽ ትጨነቃለች፣ እንዳትነግራት አለኝ» አለ።

ምን ገፍቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ «ሌላስ? ሌላስ ምን ደብቃችሁኛል?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። ነጠላውን አስተካከለ። «ምንም» ቢለኝ ኖሮ አምኜው እሄድ ነበር። ግን መዋሸት አልቻለም። ከዚያ ነገረኝ። ከኅዳር ጀምሮ ደረትህን ይይዝህ ነበር። ዳገቱን ስትወጣ ትንፋሽ ያጥርህ ነበር። ሐኪም ቤት የወሰደህ እሱ ነው፤ ሐኪሙ ልብህ ነው፣ ሳትውል ሳታድር ትልቅ ሆስፒታል ሂድ ብሎሃል። አንተ «ጥምቀት ይለፍ» ብለሃል። እሱንም በቅዱስ ሚካኤል አስምለኸዋል።

ምን እንዳልኩት አልጽፍልህም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ደጋግ ሰዎች ናቸው፣ ያልሰሙ ይመስላሉ። አያ ሙላት ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ። እኔ ያን ጊዜም አላለቀስኩም።

ጥምቀት አለፈ። አንተም አለፍክ። ባጃጅ ውስጥ ራስህን ታቅፌ «ጠዋት ደህና ነበር፣ ምንም አላመመውም» እያልኩ ለሾፌሩ ስምል አልነበር? ሆስፒታል ደርሰን ሐኪሟ «ከዚህ በፊት ያመው ነበር?» ስትለኝ «ኧረ በፍጹም» አልኳት። በማላውቀው ነገር አስማልከኝ። የባሏን ሕመም የማታውቅ ሚስት አደረግኸኝ። ይህን ማን ይቅር ይለዋል?

አሁን ሁሉ ነገር ከኋላ ተነስቶ ይመጣብኛል። የጥምቀት ማግሥት ከፒያሳ በእግራችን ስንመለስ በየሱቁ መስኮት ትቆም ነበር። ጫማ ታያለህ፣ ሰዓት ታያለህ፣ የሴት ቦርሳ ሳይቀር ታያለህ። «ምነው ዛሬስ ዓይንህ በዛ!» ብዬ ሳቅኩብህ። አንተም ሳቅክ። «ላንቺ የሚሆን እየፈለግኩ ነው» አልከኝ። ልቤ ሞቀ። ለካ ትንፋሽህን ነበር የምትፈልገው። ያችን ቀን በጣም እወዳት ነበር፤ እሷንም አበላሸህብኝ።

እንዳልጨነቅ ብለህ ነው። አውቃለሁ። ሁሉም ይህንኑ ይሉኛል፤ «ስለሚወድሽ ነው» ይሉኛል። ማን ጠየቀህ? ስንጋባ አብሬህ ልጨነቅ አይደለም ወይ እጄን የሰጠሁህ? ብርቱካንን ስወልድ አንተ ደጅ ቆመህ ስትጨነቅ ያደርክ ሰው፣ የኔን ተራ ለምን ነጠቅኸኝ? ብትነግረኝ በእልህም በልቅሶም ጎትቼ እወስድህ ነበር። ምናልባት አትድንም ነበር፤ ይህን አላውቅም። ግን ሳትሞት በፊት አውቅህ ነበር።

እሺ፣ ወደ ማሽኗ ልመለስ፤ የተመራቂዎቹ ቀን እየቀረበ ነበርና መናደድ ሣር አያጭድም።

የእጀታዋን ፎቶ አንስቼ ለያዕቆብ በቴሌግራም ላክሁለት። ወዲያው ደወለ፤ ሰላምታ እንኳ የለም። «ይህን ማን ነው የሠራው?» ብሎ ጮኸ። «ሟቹ» አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባትሪው ሳይወጣ ከሥሯ እጄን እንዳልሰድ ካስማለኝ በኋላ፣ «ባትሪው ሲገባ ቀጭ ይላል?» ሲል ጠየቀኝ። ዕቃ ቤት ገብቼ፣ ከምላጯ ርቄ ሞከርኩት። አይልም። ዘቅዘቅ ሳደርጋት ባትሪው እንደላላ ጥርስ ይነቃነቃል። መያዣው ምላስ ተሰብሯል፤ የሚነካካው ብረትም ጠቁሯል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። ድንጋይ ስትረግጥ ባትሪው ይዘላል፣ ትቆማለች፤ ስትጋደም ይመለሳል፣ ትነሳለች። አንተ ግን በሽታው ሌላ ሆኖ ሳለ ቁልፉ ነው ብለህ ቁልፉን አሰርክ። ዕድሜህን ሙሉ ከኤሌክትሪክ ጋር ኖረህ! አንድ ቀን ጠርተኸኝ «እስቲ ያዥልኝ» ብትለኝ፣ ይዤልህ ሳለሁ ሲነቃነቅ ባየሁት ነበር።

በባጃጅ ጭኜ ፒያሳ ወደሚገኝ ጥገና ቤት ወሰድኳት። ባለሙያው ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አሸልኝ፤ ለተሰበረው ምላስ ከቆርቆሮ አጥፎ ሌላ ሠራለት፤ ባትሪው እንዳይነቃነቅም ከጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ጎኑ ላይ ለጠፈ። እጀታዋ ላይ ሲደርስ ግን ሥራህን አይቶ ተደነቀ። «ባልሽ ጎበዝ ነበር፤ ሸጋ አድርጎ ነው የዘለላት። እንዲሁ ትሁን፣ መጨበጡ እጅ ያደክማል» አለኝ።

«ፍታው» አልኩት።

«ምን አስቸገረሽ እቴ? ትሠራለች እኮ።»

«እጄን ስለቃት የምትቆም ማሽን ነው የምፈልገው! ፍታልኝ!» ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፈታው። ሽቦውን በእጄ ተቀብዬ ደጅ ካለው ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት፤ ማስታወሻ ብዬ አላስቀመጥኩትም።

ቤት ስደርስ ዘንጉን ጨበጥኩ፤ ጮኸች። ለቀቅኩ፤ ቆመች። ጨበጥኩ፣ ለቀቅኩ። አያ ሙላት በአጥሩ ላይ ያየኝ ነበር፤ ያበድኩ መስሎት ይሆናል። ከዚያ ግቢውን ከላይ እስከ ታች አጨድኩት፤ ድንጋዩን ረግጣ አለፈች፤ አንድም ጊዜ ቀጥ አላለችም። ተመራቂዎቹ መጡ። ከዳባት የመጡ አንድ አባት ጫማቸውን አውልቀው ሣሩን በእግራቸው እየዳሰሱ፣ «ይህን ማን ነው እንዲህ የሚጠብቀው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። አንተን አልጠራሁህም፤ ሆን ብዬ ነው። ማታ ግን ልነግርህ ወደ አልጋው ዞርኩ፤ የለህም። እንደገና ተናደድኩ።

አያ ሙላትን ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። እሱም የሚከራየውን ክፍል ነገር ዳግመኛ አላነሳብኝም፤ የታጨደውን ሣር መጥቶ ለላሙ ይሸከማል፤ ደህና ዋልሽ ይለኛል፣ ደህና እለዋለሁ። ገና ነው።

«ለብርቱካን አትንገሪያት፣ ልጅ ናት፣ ሩቅ አገር ብቻዋን ናት» ያለኝም እሱ ነው። በደወለች ጊዜ ነገርኳት። ጣትህንም፣ ደረትህንም፣ መሐላውንም።  እሷ በቀጭን ድምፅ፣ «እማዬ፣ እኔም በግንቦት ታይፎይድ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ሐዘን ላይ ስለሆንሽ ነው ያልነገርኩሽ» አለች። ጮህኩባት ደስዬ! ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ጮህኩባት። የአባትሽን ጠባይ ወረስሽ፣ እናንተ ሰዎች በኔ ላይ ምን ተማማላችሁ አልኳት። እሷም ጮኸችብኝ፤ «አንቺስ ግንባርሽ መቁሰሉን መቼ ነገርሽኝ? ዛሬ ነው የምሰማው!» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ከቀብርህ ወዲህ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። መንገዱ ሲከፈት መጣች፤ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የደም ግፊት አለብሽ አሉኝ። ለብርቱካን፣ ለጎረቤት፣ ለዕድሩ ሴቶች፣ ለአያ ሙላት ሳይቀር ነገርኳቸው። ሁሉም ተጨነቁልኝ። ይጨነቁ።

አልረሳህም። ዓመትህ ሲደርስ ብርቱካንና እኔ እንደ ወጉ እናደርጋለን፤ ስምህም በየዓመቱ ይጠራል። ቁመትህን፣ ድንጋይ ስትለቅም የምታፏጨውን፣ ሳቅህንም አስብሃለሁ። ግን አሳምሬ አላስብህም፤ እንደነበርክ ነው የማስብህ። ትናንት አንዲት ጎረቤት ልታጽናናኝ መጥታ፣ «ደሳለኝ እኮ ማንንም ሳያስቸግር ኖሮ ማንንም ሳያስቸግር ሄደ» አለችኝ። ሁልጊዜ የሚሉት ነው፤ ዝም ብዬ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ትናንት ግን «እኔን አስቸግሮኛል» አልኳት። ደነገጠች። እኔም የተናገርኩት ቃል ገረመኝ። ሄዳ በሩን ከዘጋሁ በኋላ የቀረውን ላንተ ተናገርኩት፦

ምነው በሕይወት ሳለህ ይበልጥ ባስቸገርከኝ።

ሚስትህ አለምነሽ